ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ ሲገዙ፦ ከቀለሙ በፊት ባትሪውንና ሶፍትዌሩን እንዴት ይመረምራሉ?

ኤሌክትሪክ ካልሆነ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር ውስጥ እንደማይገባ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ የአዲስ አበባ የመኪና ገበያ በፍጥነት መልኩን ለውጧል። የገዢው የመመርመሪያ ዘዴ ግን እምብዛም አልተለወጠም። ዛሬም የሚያምነውን መካኒክ ይዞ ይሄዳል፤ ኮፈን ያስከፍታል፤ ጎማውን ይረግጣል፤ ቀለሙን በጣቱ እየዳሰሰ ከሥሩ ስቱኮ መኖር አለመኖሩን ይፈትሻል። የሞተሩ ድምፅና የጭሱ ቀለም ለቤንዚን መኪና ብዙ ነገር ይናገሩ ነበር፤ ኤሌክትሪክ መኪና ግን ጭስም የሞተር ድምፅም የለውም። ከዋጋው ትልቁ ድርሻ ባትሪው ላይ ነው፤ ባትሪውን የሚያዘው ደግሞ ሶፍትዌር ነው፤ የሁለቱም ጤንነት በዓይንና በጆሮ አይታወቅም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ምርመራውን ከተለመደው ቅደም ተከተል ገልብጦ ያቀርባል፤ በመጀመሪያ የመኪናው ማንነት፣ ከዚያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ሶፍትዌሩ፣ ከዚያም የቻርጅ ሶኬቱና የቤት መስመሩ፣ በመጨረሻ የሙከራ ጉዞው ይታያል። ቀለምና ወንበር ከሁሉም በኋላ ይሁኑ። ሻጭና ደላላ አስቀድመው የሚያበሩት ትልቁን ስክሪን ነውና፣ ገዢው ቅደም ተከተሉን በእጁ ካልያዘ ስክሪኑ መኪናውን ሸጦት ያድራል።

የመኪናው ማንነት

የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሲሆን፣ በፊተኛው መስታወት ግርጌ በግራ በኩል ከውጭ ይነበባል። በቻይና የተመረተ መኪና ቁጥሩ በላቲኑ ፊደል «ኤል» ይጀምራል። አሥረኛው ፊደል የሞዴሉን ዓመት ያሳያል፤ «ኤን» እ.ኤ.አ. 2022፣ «ፒ» 2023፣ «አር» 2024፣ «ኤስ» ደግሞ 2025 ነው። ይህን ቁጥር ከሊብሬው፣ ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑና መኪናው ራሱ በስክሪኑ ቅንብር ውስጥ ከሚያሳየው ቁጥር ጋር ያመሳክሩ። አራቱ ካልተስማሙ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ስለ ዋጋ መነጋገር አያስፈልግም።

«ዜሮ ኪሎ ሜትር» የሚለው አባባልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቻይና ውስጥ አንድ ጊዜ በሰው ወይም በድርጅት ስም ተመዝግበው፣ ሳይነዱ እንደ ያገለገለ ዕቃ ወደ ውጭ የሚላኩ መኪኖች አሉ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው በእርግጥ ዜሮ አካባቢ ይሆናል፤ ነገር ግን ባትሪ የሚያረጀው በመነዳት ብቻ ሳይሆን በመቆምም ጭምር ነው፤ በተለይ ሙሉ ለሙሉ ተሞልቶ ወይም ጨርሶ ባዶ ሆኖ ወራት ከቆመ። ስለዚህ የተነዳበትን ኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን የተመረተበትን ወርና ዓመት ይጠይቁ፤ በበሩ ማዕዘን ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በቻይና ሕግ ለባትሪና ለሌሎች ዋና ዋና የኤሌክትሪክ ክፍሎች የተቀመጠው ዝቅተኛ ዋስትና 8 ዓመት ወይም 120,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሻጮችም ይህን ደጋግመው ይጠቅሱታል። በግለሰብ አስመጪ በኩል የገባ መኪና ግን ያንን ዋስትና ይዞ አይመጣም ብሎ ማሰብ ይሻላል፤ እዚህ አገር ዋስትናውን የሚያከብር ወኪል ካለ በጽሑፍ ይቅረብ።

ባትሪው

አብዛኞቹ ወደ አገራችን የሚገቡ መኪኖች ባትሪያቸው ከሁለት ዓይነት አንዱ ነው። አንደኛው የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሲሆን የቻይናው አምራች ቢዋይዲ የሚጠቀምበት ይህንን ነው፤ ሁለተኛው ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ነው። ልዩነቱ አያያዙን ይወስናል። የመጀመሪያው ቮልቴጁ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ሆኖ ስለሚቆይ መኪናው የቀረውን ኃይል በትክክል ለመገመት ይቸገራል፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል እስከ 100 ከመቶ መሙላት ይመከራል። ሁለተኛው በየቀኑ እስከ 80 ከመቶ ብቻ ቢሞላ ዕድሜው ይረዝማል። ሻጩ መኪናው የትኛው እንዳለው ካላወቀ፣ ባትሪውን እንዴት ሲይዘው እንደኖረም አያውቅም ማለት ነው።

የባትሪውን ጤንነት ለማወቅ ሁለት መንገዶች አሉ፤ ሁለቱንም መጠቀም ይገባል። የመጀመሪያው በመሪው ሥር ባለው፣ የመኪናው ኮምፒውተር መረጃ በሚነበብበት የኦቢዲ ሶኬት ላይ መመርመሪያ መሰካት ነው። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ መሣሪያ ለአንዳንድ ሞዴሎች ይበቃል፤ ለሌሎቹ ግን ጋራዦች የሚጠቀሙባቸው ትላልቅ መመርመሪያዎች፣ ለምሳሌ ላውንች፣ ያስፈልጋሉ። የሚፈለጉት ቁጥሮች ሁለት ናቸው። አንዱ በመቶኛ የሚሰጠው የባትሪው ቀሪ አቅም ነው። ሌላው ከፍተኛና ዝቅተኛ ቮልቴጅ ባላቸው የባትሪ ሴሎች (ባትሪው የተሠራባቸው ትንንሽ ክፍሎች) መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ባትሪው 50 ከመቶ አካባቢ ሆኖ መኪናው በቆመበት ሁኔታ ይህ ልዩነት ከጥቂት አሥር ሚሊቮልት በላይ ከሆነ ከሴሎቹ መካከል የደከመ አለ ብሎ መጠርጠር ይገባል። ልዩነቱን በሙሉ ባትሪ ላይ መለካት ግን ያሳስታል፤ ጤነኛ ባትሪም ጫፍ ላይ ሲደርስ ልዩነቱ ይሰፋልና።

ሁለተኛው መንገድ ቀላልና ለማጭበርበር የሚያስቸግር ነው፤ በመቶኛ የሚታየውን የጤንነት ቁጥር በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ በሶፍትዌር መልሶ ማስጀመር ስለሚቻል፣ የበለጠ የሚታመነው ይህ ነው። መኪናውን 20 ከመቶ ሲቀረው ወደ ፈጣን ቻርጅ ጣቢያ ወስደው እስከ 100 ያስሞሉት፤ ጣቢያው የሰጠውን ኪሎዋት ሰዓት ያንብቡ። በገበያችን የተለመደውን ቢዋይዲ ሲገል እንውሰድ፤ አነስተኛው ባትሪው 30.08 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። የዚህ 80 ከመቶ 24 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ በፈጣን ቻርጅ ከ24 እስከ 25 ኪሎዋት ሰዓት ቢወስድ ባትሪው ጤነኛ ነው። በ20 ኪሎዋት ሰዓት ሞልቶ ካቆመ ግን ከአቅሙ አንድ ስድስተኛውን ያህል አጥቷል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ መውረድ አለበት። በቤት ቻርጀር ሲለካ የቤቱን ኤሌክትሪክ ለባትሪው በሚስማማ መልክ በሚቀይረው የመኪናው መሣሪያ ውስጥ የሚባክን ኃይል ስላለ 10 ከመቶ ያህል ይጨምሩበት። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በቦሌና በመገናኛ መካከል ባለው መንገድ ላይ በከፈተው ጣቢያ ክፍያው በቴሌብር ስለሆነ፣ ሻጩና ገዢው አብረው አይተው የሚስማሙበት ማስረጃ ስልክ ላይ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ መኪናው በሊፍት ይነሣ ወይም ፎሳ ላይ ይውጣ። የባትሪው ሳጥን ከመኪናው ወለል ሥር የተዘረጋ ነው፤ በየሰፈሩ ባሉት ከፍ ያሉ የፍጥነት መገደቢያዎች ወይም በተቆፈረ መንገድ የተመታ ከሆነ ጭረቱ፣ መታጠፉ ወይም የተከፈተ ብሎን ይታያል። ሳጥኑ ላይ የተቀባ አዲስ ቀለም ካዩ ለምን እንደተቀባ ይጠይቁ። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ሽቦዎች ግን ማንም በባዶ እጁ አይንካ፤ በእነርሱ ውስጥ የሚያልፈው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፤ «እኔ ኤሌትሪሺያን ነኝ» ማለት ብቻውን ለዚህ ሥራ አያበቃም።

ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪም መረሳት የለበትም። ዋናው ባትሪ ሙሉ ሆኖ ይህ ቢሞት በሮቹ በሪሞት አይከፈቱም፤ ኮምፒውተሩም አይነሣም። ወደብ ላይ ወይም መሸጫ ቦታ ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ይህ ባትሪው ደክሞ ሊሆን ስለሚችል ያስለኩት። ዋጋው ከዋናው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ጠዋት ሥራ ሰዓት ላይ ሲያስቆም ግን ኢምንት አይደለም።

ሶፍትዌሩ የማን ነው?

ብዙ ገዢዎች ይህን ጥያቄ አይጠይቁም፤ በእኔ ግምት ግን ከባትሪው ቀጥሎ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። የዛሬው መኪና በአምራቹ ዘንድ በአንድ ሰው የተጠቃሚ መለያ ስም ይመዘገባል፤ ያ ሰው በስልኩ መተግበሪያ በር መክፈት፣ መኪናው የት እንዳለ ማየት፣ አየር ማቀዝቀዣውን ማስነሣት ይችላል። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች ላይ ይህ መለያ ብዙውን ጊዜ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ መኪናው ውስጥ የተቀበረው ሲም ካርድም የቻይና ነው። ሊብሬው በእርስዎ ስም ሆኖ ዲጂታል ቁልፉ ግን በላኪው ሠራተኛ ስልክ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ክፍያው ከመጠናቀቁ በፊት የቀድሞው ተጠቃሚ በእርስዎ ፊት መለያውን ከመኪናው ያላቅቅ፤ ስክሪኑ ወደ ፋብሪካ ቅንብር ይመለስ፤ የተመዘገቡ የብሉቱዝና የካርድ ቁልፎች ሁሉ ተሰርዘው በእጅዎ ያሉት ብቻ እንደገና ይመዝገቡ። ሻጩ መለያው የማን እንደሆነ እንደማያውቅ ከተናገረ፣ መኪናው በርቀት ከሚሰጡት አገልግሎቶች አንዱንም እንደማያገኙ አስበው ዋጋውን ይተምኑ።

ቋንቋውም የራሱ ጣጣ አለው። የስክሪኑ ጽሑፍ ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ የተለወጠው በአምራቹ ሥርዓት ነው ወይስ በከተማችን ባሉ ባለሙያዎች የተቀየረ ሶፍትዌር ተጭኖበት? ሁለተኛው ከሆነ ሥራው ሊመሰገን ይችላል፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ በዋይፋይ የሚመጣ የአምራቹ ማሻሻያ የተለወጠውን ሊያጠፋው፣ ሲብስም ስክሪኑን ሊያቆመው ይችላል። የሠራውን ሰው ስልክ ይያዙ፤ «አዘምን» የሚል መልእክት ቢመጣም እርሱን ሳያማክሩ አይጫኑ። አንድ ነገር ግን ይለዩ፤ ማሻሻያ ሁሉ የጌጥ አይደለም፤ አንዳንዱ የፍሬንን ወይም የባትሪ አስተዳደርን ጉድለት የሚያርም ነው። ስለዚህ ማሻሻያን ለዘለዓለም መዝጋት መፍትሔ አይሆንም፤ በባለሙያ ፊት፣ ባትሪው በበቂ ሁኔታ ተሞልቶ፣ ቢቻል መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት ማድረግ ይገባል።

የመኪናው ካርታ ብዙ ጊዜ ከቻይና ውጭ አይሠራም፤ ለዚህ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ስልክ ይበቃል። ካሜራዎቹ፣ የማቆሚያ ዳሳሾቹና ከፊት ያለውን መኪና ተከትሎ ፍጥነት የሚያስተካክለው ሥርዓት ግን በሙከራ ጉዞው ላይ አንድ በአንድ መሞከር አለባቸው። የመንገድ መስመርን የሚከተለው ረዳት መስመሩ በደበዘዘበት መንገድ ላይ እንደሚሳሳት አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፤ መሪውን በድንገት ሲጎትት የሚደነግጥ ሰው ሥርዓቱን ከመጀመሪያው ቢያጠፋው ይሻላል።

መኪናው ስለ እርስዎም ይመዘግባል፤ ስልክዎን ሲያገናኙ የስም ዝርዝርዎን ይገለብጣል፤ የሄዱበትን ያስታውሳል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው እንዲህ ያለው መረጃ ባለቤት እንዳለው ለማስከበር ነው፤ ሆኖም የመጀመሪያው ጥበቃ መኪናውን መልሰው በሚሸጡበት ቀን ሁሉንም አጥፍቶ ማስረከብ ነው።

የቻርጅ ሶኬቱና የቤት መስመሩ

ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና የጂቢ/ቲ ሶኬት አለው፤ ለቤት ቻርጅና ለፈጣን ቻርጅ ሁለት የተለያዩ ቀዳዳዎች ይኖሩታል። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው ሲሲኤስ 2 የሚባለው ሲሆን ሁለቱ በአንድ ላይ ተዋህደዋል። ለቤት ቻርጅ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያገናኝ መለወጫ ቀላልና ርካሽ ነው። ለፈጣን ቻርጅ ግን መኪናውና ጣቢያው የሚነጋገሩበት ዘዴ ራሱ ስለሚለያይ መለወጫው በውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ያለው፣ ውድና እየመረጠ የሚሠራ ዕቃ ነው። «መለወጫ አለው» የሚል ሻጭ ጣቢያ ላይ ወስዶ ይሰካልዎት።

ቤት ውስጥ በ16 አምፔር የሚሞላ መኪና 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። ይህ ማለት የእንጀራ ምጣድ ሌሊቱን ሙሉ እንደተጣደ ማለት ነው፤ ምጣዱ ሲጣድ መብራቱ የሚደበዝዝበት ቤት ለመኪና አልተዘጋጀም። በ32 አምፔር 7 ኪሎዋት የሚሰጥ የግድግዳ ቻርጀር የሚፈልግ ደግሞ ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና ለዚያ የሚበቃ ውፍረት ያለው ሽቦ ያስፈልገዋል፤ የቆጣሪ አቅም ማሳደግ ቢያስፈልግ ጥያቄው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ይቀርባል። በፒያሳና በአራት ኪሎ አካባቢ ባሉ አሮጌ ቤቶች ዋናው ችግር የመሬት መስመር አለመኖሩ ነው። ደህና ቻርጀር የመሬት መስመር ካላገኘ አልሞላም ይላል፤ አንዳንድ ሠራተኛ ደግሞ ቻርጀሩን «ለማታለል» ሽቦ ያገናኛል። ይህን ፈጽሞ አይፍቀዱ፤ ጉድለት ቢፈጠር በክረምት እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በሩን የሚነካ ሰው ሊሞት ይችላል። በጋራ መኖሪያ ሕንጻ የሚኖሩ ከሆነም ከአራተኛ ፎቅ በመስኮት ገመድ ከማውረድ በፊት ከነዋሪዎች ኮሚቴው ጋር ተነጋግሮ መስመር ማውጣት ይቀድማል።

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ እያለ የሚሄድ በመሆኑ የመኪናውን ወጪ በዛሬው የቆጣሪ ሒሳብ መገመት ያሳስታል። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ትንሽ መኪና ከ120 እስከ 150 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጨምራል፤ ይህን አሁን ከሚጠቀሙት ጋር ደምረው የትኛው እርከን ላይ እንደሚወድቁ ያስሉ።

የሙከራ ጉዞው

በሜክሲኮ ወይም በካዛንቺስ ዙሪያ አንድ ዙር መንዳት ምንም አያሳይም። ከመስቀል አደባባይ ተነሥተው በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ አድርገው እንጦጦ ይውጡ፤ ልዩነቱ ከ500 ሜትር ከፍታ ይበልጣል። 1.5 ቶን የሚመዝን መኪና በየ100 ሜትር ከፍታው ለመውጣት ብቻ 0.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ስለዚህ አቀበቱ የተወሰነ መቶኛ መብላቱ አያስደንግጥዎት። መታየት ያለበት ሌላ ነው፤ አቀበቱ ላይ ኃይሉ ይቆራረጣል ወይ? የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል ወይ? ሲወርዱስ መኪናው ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል ወይ? የቤንዚን ሞተር በከተማችን ስስ አየር ጉልበት ያጣል፤ ኤሌክትሪክ ሞተር ይህ አይነካውም፤ ዳገት ላይ የሚያቃስት ከሆነ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ለቁልቁለቱ አንድ ነገር ይታወስ፤ ባትሪው 100 ከመቶ ሞልቶ ከሆነ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ስለሌለው መኪናው በሞተሩ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ሥራው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። እንጦጦ ላይ የሚኖር ሰው ቁልቁለቱን ሊወርድ ሲል ባትሪውን እስከ ጫፍ ባይሞላው ይሻላል።

ሻጩ የሚጠራው የርቀት ቁጥር በቻይናው ሲኤልቲሲ መለኪያ የተገኘ ነው፤ ለምሳሌ ለአነስተኛው ሲገል 305 ኪሎ ሜትር። ይህ መለኪያ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለከተማ ጉዞ ከእውነት ብዙ አይርቅም። በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ግን በጣም ያንሳል፤ በተለይ ሲመለሱ፣ መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ሽቅብ ነውና። አዳማ ደርሶ ለመመለስ የሚያስብ ሰው ሲሄድ ያወጣውን መቶኛ በእጥፍ አባዝቶ አይመን፤ መመለሻው ከመሄጃው ይበልጣል።

በራይድ፣ በፈረስ ወይም በያንጎ ለመሥራት የሚገዙ ከሆነ

መተግበሪያው የሚቆጥረው ተሳፋሪው ከተነሣበት እስከ ወረደበት ያለውን ብቻ ነው፤ ባትሪው ግን ወደ ተሳፋሪው ሲሄዱ፣ ቦታ ሲፈልጉና ወደ ቻርጅ ጣቢያ ሲመላለሱ ያለውንም ይቆጥራል። ስለዚህ በመተግበሪያው የገቢ መዝገብ ላይ የሚታየውን ኪሎ ሜትር ሳይሆን የዳሽቦርዱን ኪሎ ሜትር ይዘው ሒሳብ ይሥሩ። በቀን አንድ ጊዜ ጣቢያ ወርዶ ወረፋ መጠበቅ የሚያስገድድ ባትሪ፣ የኤሌክትሪኩ ዋጋ ርካሽ ቢሆንም፣ በጥሪ ሰዓት የሚያስቀረው ገቢ ትርፉን ይበላዋል። ለዚህ ሥራ ከሁለቱ ሲገሎች መካከል 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ያለውን መምረጥ፣ የመጀመሪያ ዋጋው ከፍ ቢልም፣ የተሻለ ውሳኔ ይመስለኛል። ፈጣን ቻርጅ ቢያስፈልግ እስከ 80 ከመቶ ሞልቶ መነሣት ይሻላል፤ ከዚያ በላይ ያለው በጣም በዝግታ ስለሚሞላ በወረፋ ላለውም ለራስም ጊዜ ማባከን ነው።

ውሉ

ውሉ ሲጻፍ ከሻንሲ ቁጥሩና ከዋጋው በተጨማሪ በርክክቡ ቀን የተነበበው የባትሪ ጤንነትና የኪሎ ሜትር ቁጥር፣ የቀድሞው ተጠቃሚ መለያ መላቀቁ፣ የተረከቡት የቁልፍ ብዛት፣ የቻርጅ ገመዱና መለወጫው በዝርዝር ይግቡ። የመመርመሪያው ስክሪን ፎቶግራፍና የጣቢያው የክፍያ ማረጋገጫ ተያይዘው ይፈረምባቸው። ሻጩ ገመዱን «በኋላ አመጣለሁ» ካለ፣ የገመዱ ዋጋ ከክፍያው ተቀንሶ እስኪመጣ ድረስ በእርስዎ እጅ ይቆይ።